ከቤተ መቅደሱ ጉልላት እስከ ሐር መንደሩ፦ በታይላንድ ከተማንና ገጠርን የሚያገናኘው የአንድ ቀን ጉብኝት

ስለ ቱሪዝም ሲነሣ በብዙዎች አእምሮ ቀድመው የሚመጡት ሐውልት፣ ቤተ መንግሥት፣ ሐይቅና ፏፏቴ ናቸው። ጎብኚው ከተማ ይገባል፤ ሆቴል ያድራል፤ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ከዚያው ከተማ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖረው አርሶ አደር ግን ጎብኚው ከሚያወጣው ገንዘብ ተካፋይ የሚሆንበት ዕድል ጠባብ ነው። ጎብኚው ወደ ገጠር የሚወጣበት ምክንያት ካላገኘ፣ አርሶ አደሩም የሚያሳየውና የሚሸጠው ነገር መኖሩን ካላወቀ ከተማና ገጠር ጎን ለጎን እየኖሩ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

በእስያ የሐር አምራች አካባቢዎች ይህን ክፍተት ለማጥበብ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ የአንድ ቀን ጉብኝት ነው። አስጎብኚው ጠዋት የከተማውን ታዋቂ ሥፍራዎች ያሳያል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንግዶቹን ሐር ወደሚመረትባቸውና ወደሚሸመንባቸው መንደሮች ይወስዳል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ ከሚሆኑት አንዱ በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ የሚገኘው የኮን ኬን ከተማና በአቅራቢያው ያለው የቾናቦት ወረዳ ነው። ይህ ጽሑፍ ጉብኝቱ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ጎብኚው በመንደሩ ምን እንደሚያይ፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚቀርና ነገሩ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብ ያብራራል።

የከተማው ግማሽ ቀን

ኮን ኬን ከታይላንድ ዋና ከተማ ከባንኮክ በሰሜን ምሥራቅ አቅጣጫ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። አካባቢው ኢሳን ይባላል። አፈሩ በአብዛኛው አሸዋማ ነው፤ የሩዝ እርሻውም በዋናነት ዝናብ ጠባቂ በመሆኑ ኢሳን በአገሪቱ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ከተማዋ እንደ ባንኮክ በውጭ ጎብኚዎች የተጨናነቀች አይደለችም። ወደ እርሷ ከሚመጡት ብዙዎቹ ለስብሰባ፣ ለዩኒቨርሲቲ ጉዳይና ለንግድ የሚመጡ በመሆናቸው ለጉብኝት የሚተርፋቸው ጊዜ ከአንድ ቀን ብዙም አይበልጥም። ጉብኝቱ በአንድ ቀን የተወሰነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በተለመደው አካሄድ ቀኑ የሚጀምረው ኖንግ ዋንግ በተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። በቅጥሩ ውስጥ ባለ 9 ፎቁ የፍራ ማሃታት ኬን ናኮን ሕንፃ ቆሟል፤ ቁመቱ 80 ሜትር ገደማ ነው። ጎብኚው ፎቆቹን እየወጣ የቀድሞውን የኢሳን ሕዝብ የቤት ዕቃ፣ የሥዕልና የእምነት ቅርሶች ይመለከታል። ከላይኛው ፎቅ ሲደርስ ከተማዋና ወደ 100 ሄክታር የሚጠጋው የኬን ናኮን ሐይቅ ከፊቱ ይዘረጋሉ። ቀጥሎ ያለው ማረፊያ ብሔራዊ ሙዚየሙ ነው። በዚያም ከ1,000 ዓመታት በፊት የቅዱስ ሥፍራ ወሰን ለማመልከት የተተከሉና ሴማ የሚባሉ የተቀረጹ ድንጋዮች ይታያሉ።

የከተማው ክፍል ከዚህ በላይ መርዘም የለበትም። በጥሩ ሁኔታ የተዘጋጀ ጉብኝት ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ከከተማ ይወጣል። ምክንያቱም በመንደሩ የሚታየው ሥራ ጊዜ ይጠይቃል፤ በሩጫ የታየ ሽመና ደግሞ ለጎብኚው ትርጉም፣ ለሸማኔዋም ገቢ አይሰጥም።

ወደ ቾናቦት

መኪናው ወደ ደቡብ አቅንቶ የባን ፓይን ከተማ ካለፈ በኋላ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ከኮን ኬን እስከ ቾናቦት ያለው ርቀት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉዞውም አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ርቀቱ ለዚህ ዓይነቱ ጉብኝት የተመቸ ነው። በጣም ቢቀርብ መንደሩ በከተማው ይዋጥ ነበር፤ በጣም ቢርቅ ደግሞ ጎብኚው እዚያው ማደር ይኖርበታል። አሁን ግን መንደሩ ሆቴል መሥራት ሳያስፈልገው እንግዳ ያስተናግዳል፤ እንግዳውም ከመምሸቱ በፊት ወደ ከተማ ይመለሳል።

በቾናቦት ዋና መንገድ ዳር የሐር ሱቆች ተደርድረዋል። በወረዳው በሚገኝ የሙያ ኮሌጅ ውስጥ ደግሞ ሳላ ማይ ታይ የተባለ የታይ ሐር ማሳያ አዳራሽ አለ። በአዳራሹ የቆዩ ጥለቶችና የሐር ሥራ መሣሪያዎች ስለሚታዩ ጎብኚው ወደ መንደር ቤቶች ከመግባቱ በፊት ስለ ሥራው ሂደት ግንዛቤ ያገኛል። ዋናው ትምህርት ግን የሚገኘው በየቤቱ ነው። በኢሳን ገጠር የቆየው ቤት በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ የሽመናው ዕቃ የሚተከለውም ከቤቱ በታች ባለው ጥላ ሥር ነው። እናት ልጇንም፣ ዶሮዋንም፣ ድስቷንም እያየች ትሸምናለች። ሩዝ ከታጨደ በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት በተለይ ሽመና የሚበረታባቸው ናቸው።

ከቅጠል እስከ ክር

የሐር ሥራ ከጨርቅ በፊት እርሻ ነው፤ ማሳውም የመልበሪ ተክል ነው። የሐር ትሉ የሚመገበው የዚህን ተክል ቅጠል ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አርሶ አደሯ ከተክሉ ግንድ ቁርጥራጭ ወስዳ ትተክላለች፤ ቅጠሉ ሲደርስ ትለቅማለች፤ ተክሉንም በየጊዜው እየገረዘች ለጋ ቅጠል እንዲያወጣ ታደርጋለች።

የእሳት እራቷ የምትጥላቸው ጥቃቅን እንቁላሎች በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ። የወጡት ትሎች እንደ ዝርያቸውና እንደ አየሩ ሁኔታ ከ20 እስከ 28 ቀን ይመገባሉ፤ በዚህም ጊዜ 4 ጊዜ ቆዳቸውን ይቀይራሉ። አንድ ትል በዕድሜው ከሚበላው ቅጠል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚበላው በመጨረሻው የእድገት ደረጃ፣ ማለትም በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ አርሶ አደሯ የትሉን ቁጥር የምትወስነው መጀመሪያ ባላት ቅጠል ሳይሆን በእነዚያ የመጨረሻ ቀናት ልታገኝ በምትችለው ቅጠል መጠን ነው። ይህን ያላሰላ ቤተሰብ ትሎቹ ሊያደሩ ሲቃረቡ ምግብ ያልቅበታል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ትሉ በጽዳት ጉድለት በቀላሉ የሚታመም ፍጥረት ነው። እርጥብ ቅጠል በሽታ ያመጣበታል፤ ጉንዳን፣ እንሽላሊትና አይጥ ይበሉታል። ከሁሉ በላይ አደገኛው ግን የተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ነው። የሐር ትል ራሱ ነፍሳት በመሆኑ ለሌላ ተባይ የተረጨው መድኃኒት እርሱንም ይገድለዋል። በአጎራባች ማሳ ላይ የተረጨ ኬሚካል በነፋስ ተወስዶ የመልበሪ ቅጠሉ ላይ ካረፈ አንድ ዙር ሙሉ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ የተነሣ የሐር መንደር ጎረቤቶች የርጭት ጊዜያቸውን ተነጋግረው መወሰን ይኖርባቸዋል።

ትሉ በልቶ ሲጠግብ ራሱን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ከአፉ በሚያወጣው ክር በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ በራሱ ዙሪያ ድብልብል ሽፋን ይሠራል። ይህ ሽፋን ኮኩን ይባላል። በኢሳን የቆየው አገር በቀል ዝርያ የሚሠራው ኮኩን ቢጫ ነው። ውስጥ ያለው ሙሽሬ ጊዜው ሲደርስ የእሳት እራት ሆኖ ሽፋኑን በስቶ ይወጣል፤ ከተበሳ ደግሞ ያልተቋረጠ ክር መሳብ አይቻልም። ስለዚህ ክሩ ከዚያ በፊት መሳብ አለበት።

ጎብኚዎች ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆሙት በዚህ ሥራ ዙሪያ ነው። ሸክላ ድስት በከሰል ላይ ተጥዷል፤ ኮኩኖቹ በሙቅ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ሙቀቱ ክሩን ያጣበቀውን ሙጫ ሲያላላው አርሶ አደሯ የብዙ ኮኩኖችን ጫፍ በአንድ ላይ ይዛ በቀስታ ትስባለች። ከአንድ ኮኩን የሚወጣው ክር በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ርዝመት አለው፤ ብቻውን ግን ለዓይን የሚታይ አይመስልም። የላይኛው ሽፋን ሻካራና ወፍራም ክር ይሰጣል፤ የውስጠኛው ደግሞ ስስና ለስላሳ ነው። ሁለቱ ተለይተው ይሳባሉ፤ ዋጋቸውም ይለያያል። በድስቱ የቀረው ሙሽሬ አይጣልም፤ በኢሳን ቤተሰብ ዘንድ ፕሮቲን ያለው ተወዳጅ ምግብ ነው።

የተሳበው ጥሬ ክር ገና ጠንካራ ነው። ሙጫው እንዲለቅ ሲቀቀል ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ይቀንሳል፤ በምትኩ ሐር የሚታወቅበት ለስላሳነትና አንጸባራቂነት ይወጣል። በጥቅሉ 1 ኪሎ ግራም ጥሬ ሐር ለማግኘት ከ5,000 በላይ ኮኩኖች ያስፈልጋሉ። ይህን በዓይኑ ያየ ጎብኚ ሱቅ ገብቶ የጨርቁን ዋጋ ሲሰማ የሚሰጠው ምላሽ ካላየው ሰው የተለየ ነው።

ጥለቱ ከሽመና በፊት ይወለዳል

ቾናቦት የምትታወቀው ማትሚ በሚባለው የሐር ጨርቅ ነው። ቃሉ በቀጥታ ሲተረጎም ክር መቋጠር ማለት ነው። የእኛ አገር ሸማኔ ጥለት የሚያወጣው በሽመናው ላይ ባለ ቀለም ክር እያስገባ ነው። በማትሚ ግን ጥለቱ ክሩ ወደ ሽመናው ዕቃ ከመግባቱ በፊት በማጉ ላይ ተስሎ ያልቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማጉ የጨርቁ ስፋት ያህል በሆነ ክፈፍ ላይ ይጠመጠማል። ከዚያም ባለሙያዋ ቀለም እንዳይነካቸው የምትፈልጋቸውን ቦታዎች በጥቅል በጥቅሉ አጥብቃ ትቋጥራለች። ቀድሞ የሚቋጠረው በሙዝ ግንድ ልጥ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው በላስቲክ ገመድ ነው። ክሩ ቀለም ውስጥ ሲነከር የተቋጠረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ ቀለም ከተፈለገ ከፊሉ ተፈትቶ ሌላው ይቋጠርና እንደገና ይነከራል። ባለ ብዙ ቀለም ጥለት እንዲህ እየተፈታና እየተቋጠረ ብዙ ዙር ይሄዳል።

ለተፈጥሮ ቀለም የሚውሉት ነገሮች በአብዛኛው ከአካባቢው የሚገኙ ናቸው። ቀዩ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከሚኖርና ላክ ከሚባል ነፍሳት ሙጫ ይወጣል። ሰማያዊው ከኢንዲጎ ቅጠል፣ ቢጫው ከጃክፍሩት ግንድ እንጨት፣ ጥቁሩ ደግሞ የዞጲ ወገን ከሆነ ዛፍ ፍሬ ይገኛል። የፋብሪካ ቀለምም በስፋት ሥራ ላይ ይውላል።

ቀለሙ ያለቀለት ማግ በየቀሰሙ ይጠመጠማል። ቀሰሞቹ ቅደም ተከተላቸው እንዳይፋለስ እንደ መቁጠሪያ በገመድ ይሰካሉ፤ አንዱ ቀሰም ከቦታው ቢዛነፍ ጥለቱ ይበላሻልና። ሸማኔዋ እያንዳንዱን ማግ በድሩ መካከል ስታሳልፍ ከቀዳሚው ጋር እንዲገጥም በጣቷ እየጎተተች ታስተካክላለች። ውስብስብ ጥለት ያለው አንድ ጨርቅ ከቋጠሮው እስከ ሽመናው ፍጻሜ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የጥለቱ ጠርዝ እንደ ጥላ ደብዘዝ ብሎ የሚታየው ቀለሙ ከቋጠሮው ሥር በጥቂቱ ስለሚሰርግ ነው። ይህ ደብዛዛነት የእጅ ሥራው ምልክት ነው።

ገንዘቡ በማን እጅ ይቀራል?

የማትሚ ሥራ እስከ ዛሬ የቆየው በዕድል አይደለም። እ.ኤ.አ በ1970 ንግሥት ሲሪኪት በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ በጎርፍ የተጎዱ መንደሮችን ሲጎበኙ የገጠር ሴቶች በለበሱት የማትሚ ሽርጥ መማረካቸው በሰፊው ይነገራል። በ1976 የገጠር ቤተሰቦችን የእጅ ሥራ የሚደግፍ ድርጅት በንግሥቲቱ መሪነት ተቋቋመ። በ2001 ደግሞ የታይላንድ መንግሥት እያንዳንዱ ቀበሌ በአንድ ምርት እንዲታወቅ የሚያደርግ መርሐ ግብር ጀመረ፤ ሐሳቡም ከጃፓን የተወሰደ ነበር። በ2018 የዓለም የእደ ጥበብ ምክር ቤት ኮን ኬንን በዚሁ የቋጠሮ ጥለት ሥራ የዓለም የእደ ጥበብ ከተማ ብሎ ሰየማት።

እንዲህም ሆኖ ሥራው ስጋት አለበት። ወጣቶች ለተሻለ ደመወዝ ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ ሽመናውም በዕድሜ በገፉ እናቶች ትከሻ ላይ ይቀራል። በሌላ በኩል የማትሚ ጥለት በማሽን የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ዋጋቸው ግን አይቀራረብም። ልዩነቱን የማያውቅ ገዢ ርካሹን ይመርጣል፤ ሸማኔዋም የሳምንታት ሥራዋን ከአንድ ቀን የማሽን ሥራ ጋር ለማወዳደር ትገደዳለች።

የአንድ ቀኑ ጉብኝት ጠቃሚነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጎብኚው ቅጠሉን፣ ትሉን፣ ድስቱንና ቋጠሮውን በቅደም ተከተል ካየ በኋላ ጨርቁን ሲነካ የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ዋጋ ለማስረዳት ብዙ ንግግር አያስፈልግም። ገንዘቡም ከጨርቁ ሽያጭ ባሻገር በልዩ ልዩ በር ይገባል፤ ምሳ የምታዘጋጅ እናት፣ ክር አሳሳቡን የምታሳይ አዛውንት፣ ኮኩን የሚሸጥ አርሶ አደር፣ ከአካባቢው የተመለመለ አስጎብኚ ሁሉም ድርሻ ሊያገኙ ይችላሉ።

ሊያገኙ ይችላሉ ማለት ግን ያገኛሉ ማለት አይደለም። ጎብኚው በመንደር አሥር ደቂቃ ቆሞ ፎቶ ካነሣ በኋላ ግዢውን ከተማ ባለ ትልቅ ሱቅ እንዲፈጽም ከተደረገ መንደሩ ማሳያ ብቻ ይሆናል። አስጎብኚው ኮሚሽን ወደሚከፍለው ሱቅ እንግዳ መንዳት በብዙ የዓለም ክፍል የሚታወቅ ልማድ ነው። የጉብኝቱ ፍትሐዊነት የሚለካው መኪናው በየት እንዳለፈ ብቻ ሳይሆን ክፍያው በማን እጅ እንደተፈጸመ ነው። በማኅበር የተደራጁ ሸማኔዎች ዋጋን በጋራ ይወስናሉ፤ እንግዳ የሚቀበሉበትን ተራ ያወጣሉ፤ ለማሳየት ለሚያጠፉት ጊዜም ያስከፍላሉ። ለየብቻ የሚሠሩት ግን ያለ ክፍያ ሲያሳዩ ውለው ምንም ሳይሸጡ ሊያመሹ ይችላሉ።

ገዢው እንዳይታለል ታይላንድ የዘረጋችው የጥራት መለያ ደግሞ ሌላው ትምህርት ነው። መለያው የጣዎስ ምስል ሲሆን በአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው የሐር ልማት መሥሪያ ቤት ይቆጣጠረዋል። ወርቃማው ጣዎስ ከአገር በቀል ዝርያ በእጅ ተስቦ በእጅ ለተሸመነ ሐር ይሰጣል። ብርማው በቆየው አሠራር ላይ ተመሥርቶ በተሻሻሉ ዝርያዎችም ለተሠራ የእጅ ሽመና ነው። ሰማያዊው ዘመናዊ አሠራርን የሚፈቅድ ንጹሕ ሐርን ያመለክታል፤ አረንጓዴው ደግሞ ሐር ከሌላ ክር ጋር መቀላቀሉን። እንዲህ ሲለይ የማሽኑ ምርት አይከለከልም፤ በእጅ ሥራው ስም ግን አይሸጥም።

መለያ በሌለበት ቦታም ገዢ ራሱን ሊጠብቅ ይችላል። ከጨርቁ ጠርዝ የተመዘዘ ክር ሲቃጠል እውነተኛ ሐር የተቃጠለ ፀጉር ዓይነት ሽታ ይሰጣል፤ አመዱም በጣት ሲታሽ ይደቅቃል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ጥለቱ የታተመ ጨርቅም ሲገለበጥ በጀርባው ይደበዝዛል፤ የማትሚ ጥለት ግን ክሩ ራሱ የተነከረ በመሆኑ በሁለቱም ገጽ ይታያል።

ሐርና ኢትዮጵያ

ሐር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባይዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ወደ አፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ እንደነበር የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ መዝግቧል። ጥያቄው የአክሱም ነጋዴዎች ሐር ከህንድ ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ ነበር፤ በዚህም ሮማውያን ለጠላታቸው ለፋርስ ገንዘብ ከመክፈል ይድናሉ፤ አክሱምም ታተርፋለች። ዕቅዱ ግን አልተሳካም። የፋርስ ነጋዴዎች ለህንድ ወደቦች ቅርብ በመሆናቸው መርከብ እንደደረሰ ጭነቱን ሁሉ ይገዙት ነበር። ከአምራቹ አጠገብ የቆመው ነጋዴ ትርፉን ይወስዳል፤ ያ እውነታ ከ1,400 ዓመታት በኋላም በሐር መንደሮች አልተለወጠም።

በዘመናችን ደግሞ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በሐር ትል እርባታ ላይ ምርምር ሲያካሂድ ቆይቷል። በአዲስ አበባም ሳባሃር የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ የሐር ክርና ከጥጥ የእጅ ሽመና ውጤቶችን አምርቶ ለውጭ ገበያ ያቀርባል። ለአገራችን አርሶ አደር ይበልጥ የሚቀርበው ዝርያ ኤሪ የሚባለው ነው። የመጣው ከሰሜን ምሥራቅ ህንድ ሲሆን ዋና ምግቡ በየጓሮውና በየአጥሩ የሚበቅለው የጉሎ ቅጠል ነው። የካሳቫ ቅጠልም ይመገባል፤ በታይላንድም የካሳቫ አምራች አርሶ አደሮች በዚህ መንገድ ተጨማሪ ገቢ የሚያገኙበት አሠራር አለ።

ኤሪን ከመልበሪው ሐር የሚለየው ሌላም ነገር አለ። ኮኩኑ በአንድ ጫፉ ክፍት በመሆኑ የእሳት እራቷ ክሩን ሳትጎዳ በሕይወት መውጣት ትችላለች። ክሩ ቀድሞውኑ ያልተቋረጠ አንድ ገመድ ስላልሆነ በሙቅ ውሃ አይሳብም፤ እንደ ጥጥ ይፈተላል። እንዝርት ለሚያውቁ የአገራችን እናቶች ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ትሉን መመገብ አዲስ ትምህርት ቢሆንም ፈትሉና ሽመናው ከእጃቸው የወጣ ሙያ አይደለም።

ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ አርሶ አደር አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ነገር አለ። የጉሎ ቅጠል ከልክ በላይ ከተለቀመ የዘይት ፍሬው ይቀንሳል። የጉሎ ፍሬ መርዛማ ስለሆነ ከሕፃናትና ከእንስሳት መራቅ አለበት። የትሉ ቤት ንጹሕ፣ አየር የሚገባበትና ከጉንዳን የተጠበቀ መሆን ይኖርበታል፤ ለትሉ የሚስማማው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ኮኩኑን ወይም ክሩን የሚገዛው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ገዢ ሳይኖር ትል ማርባት ትርፉ ድካም ነው።

ከተማንና የሽመና መንደርን የማገናኘቱ ሐሳብም በአገራችን መሠረት አለው። ባሕር ዳር የገባ ጎብኚ የጣናን ገዳማትና የዓባይን ፏፏቴ ካየ በኋላ በወረታ አቅጣጫ ተጉዞ በሽመና የሚተዳደረውን የአውራምባ ማኅበረሰብ ጎብኝቶ በዕለቱ መመለስ ይችላል። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ የዶርዜ ሸማኔዎችን ማየትም እንደዚሁ የተለመደ መንገድ ነው። በእነዚህ ቦታዎች የሚሸመነው በዋናነት ጥጥ ቢሆንም ጥያቄው አንድ ነው፤ ጎብኚው የሚያየው የተሰቀለ ጨርቅ ብቻ ነው ወይስ ጥጡ ሲዳመጥ፣ ሲፈተል፣ ድሩ ሲደወርና ማጉ ሲወረወርም ያያል?

ከኮን ኬን የሚወሰድ ትምህርት

በኮን ኬን የሐር ገበያ በየዓመቱ በኅዳር ወር መጨረሻ ገደማ በታላቅ በዓል ይከበራል። በዚያ በዓል ላይ ፑክ ሲያው የሚባል ሥርዓት አለ፤ ሁለት ሰዎች በእጅ አንጓቸው ላይ የጥጥ ክር ታስሮላቸው የዕድሜ ልክ ወዳጅነት ይገባሉ። ወዳጅነቱም በደስታና በችግር ጊዜ መረዳዳትን ይጠይቃል።

በከተማና በገጠር መካከል የሚዘረጋ ጉብኝትም የሚጸናው ሁለቱም ወገኖች ድርሻቸውን ሲወጡ ነው። የከተማው አስጎብኚ ለመንደሩ በቂ ሰዓት መመደብ፣ ግዢው ከአምራቹ እጅ እንዲፈጸምና ለማሳያው ሥራ ክፍያ እንዲኖር ማድረግ ይጠበቅበታል። የመንደሩ ነዋሪ ደግሞ በማኅበር መደራጀት፣ የሥራውን ሂደት ሳያስመስል ማሳየትና በእጅ የተሠራውን ከማሽኑ ለይቶ በስሙ መሸጥ አለበት። ትል በማይረባበት ወቅት ጎብኚ ቢመጣ ባዶ መደርደሪያ አሳይቶ ከማለፍ የቋጠሮውንና የቀለሙን ሥራ ማስቀደም ይቻላል። የግብርናና የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችም አንዱ ስለ ቅጠሉ፣ ሌላው ስለ እንግዳው ለየብቻ ከማቀድ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ሥራው ይቀላል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል የአገራችን ሰው። የቾናቦት ሸማኔ አንድ ማግ ከድሩ ጋር ካልገጠመ ጥለቱ እንደሚፋለስ ታውቃለች። የከተማው ሕንፃ፣ የመንደሩ ማሳና የጎብኚው ገንዘብም በየቦታቸው ሲገጥሙ ነው አንዲት የገጠር እናት ከሩዟ ወይም ከጤፏ በተጨማሪ በሽመናዋ ልጆቿን ማስተማር የምትችለው።